በዘንጎቹ መካከል፦ የስላሎም ተወዳዳሪ የስፖርት ሕይወትና አፍሪካውያን

ስላሎም በበረዶ በተሸፈነ ቁልቁለት ላይ፣ በተተከሉ ቀይና ሰማያዊ ዘንጎች መካከል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ በሸርተቴ የሚወርዱበት ውድድር ነው። ከአልፓይን ስኪ ውድድሮች ሁሉ መታጠፊያው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የተከበራችሁ የአዲስ ከተማ ነዋሪዎች፣ የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ወጣቶችና እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ! ግብዣው ሲቀርብ የተጠየቀው በአገራችን ብዙ ስለማይወራለት ስፖርት ንግግር እንዲደረግ ነበር። ስለዚህ የዛሬው ዲስኩር የስላሎም ተወዳዳሪ የስፖርት ሕይወት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ያስረዳል። በቅድሚያ ውድድሩ ራሱ ምን እንደሚመስል ይታያል፤ ቀጥሎ ተወዳዳሪው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያልፍበት መንገድ፤ በመጨረሻም ኢትዮጵያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን በዚህ መንገድ ምን ያህል እንደተጓዙ። የአዋጆቹ ካልሆኑ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልፓይን ስኪ አራት ዋና ዋና ውድድሮች አሉት። ዳውንሂል የፍጥነት ነው፤ ሱፐር ጂ ይከተለዋል፤ ጃይንት ስላሎም መታጠፊያው ሰፋ ይላል፤ ስላሎም ደግሞ ከሁሉም የጠበበው ነው። በኦሊምፒክና በዓለም ዋንጫ የወንዶች ስላሎም መነሻና መድረሻ የከፍታ ልዩነት ከ180 እስከ 220 ሜትር ነው። የመታጠፊያዎቹ ብዛት የሚሰላውም ከዚሁ ከፍታ ነው፤ ከሜትሩ ከ30 እስከ 35 በመቶ ያህል ይሆናል። 200 ሜትር የሚያወርድ መስመር እንግዲህ ከ60 እስከ 70 ጊዜ ያስጠመዝዛል ማለት ነው። ይህ ሁሉ መጠምዘዝ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ 60 ጊዜ መታጠፍ ምን እንደሚጠይቅ ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ጀርባው ላይ ጆንያ ተሸክሞ «ዘወር በሉ!» እያለ በገበያው ሰው መካከል የሚሮጠውን ተሸካሚ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ያ ሰው ዓይኑን ፊቱ ባለው ሰው ላይ አይጥልም፤ ከሁለትና ከሦስት ሰው በኋላ ያለውን ክፍተት ነው የሚፈልገው። የስላሎም ተወዳዳሪም እንደዚሁ ነው። አሁን የሚያልፈውን ዘንግ ቀድሞ ጨርሶታል፤ ዓይኑ ያለው ከፊቱ ሁለት ዘንግ ዘልሎ ነው።

ዘንጉን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከሥሩ በማጠፊያ የተያያዘ የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ ሲመቱት መሬት ድረስ ይተኛል፣ ወዲያው ተመልሶ ቀጥ ይላል። በዚህ ምክንያት ተወዳዳሪው ዘንጉን አይዞረውም፤ ገፍቶት ያልፋል። ዘንጉን የሚመታው በእጁ ነው፤ የእጁ ጣቶች በፕላስቲክ ጋሻ፣ ቅልጥሙ በጠንካራ መከላከያ ተሸፍነዋል፤ ከሄልሜቱም ፊት አገጩን የሚጠብቅ ብረት ወጥቷል። ሰውነቱ በዘንጉ ላይ ሲያልፍ እግሮቹ በሌላው ወገን ይሄዳሉ። ደንቡ የሚጠይቀው እግሮቹና የሁለቱ ሸርተቴዎች ጫፎች በትክክለኛው ወገን እንዲያልፉ ብቻ ነው። አንዷ የሸርተቴ ጫፍ በጣት ስፋት እንኳ ተሳስታ ዘንጉ በሁለቱ እግሮች መካከል ከገባ ውድድሩ እዚያው አበቃ። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘንጎቹ የማይታጠፉ ነበሩ፤ ያን ጊዜ መዞር ግዴታ ነበር። ማጠፊያው ሲመጣ መስመሩ ቀጥ አለ፣ ፍጥነቱም ጨመረ። በኋላም ጎኑ ወደ ውስጥ የጎበጠ ሸርተቴ ሲሠራ፣ ከዚያ በፊት 2 ሜትር ገደማ የነበረው የወንዶች የስላሎም ሸርተቴ አጥሮ ዛሬ ዝቅተኛው ርዝመት 165 ሴንቲ ሜትር ሆኗል።

ስፖርቱ ያን ያህል የቆየ አይደለም። የዘመናዊው ስላሎም ደንብ የተሞከረው በ1922 በስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ሙረን ውስጥ ነው፤ አደራጁ እንግሊዛዊው አርኖልድ ለን ነበር። አልፓይን ስኪ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1936 ሲሆን፣ ስላሎም ራሱን ችሎ ሜዳሊያ የተሰጠበት በ1948 በሴንት ሞሪትዝ ነው። የዓለም ዋንጫ የሚባለው፣ ክረምቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ውድድር፣ በ1967 ተጀመረ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፤ ለዛሬው ንግግር ቁልፉ እሱ ነው። በስላሎም ማን ቀድሞ ይነሣል የሚለው ጥያቄ የውድድሩ ግማሽ ነው።

ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ ነው የሚወርዱት። እያንዳንዱ ሲታጠፍ የሸርተቴው የብረት ጠርዝ በረዶውን ይቆርጠዋል። ሃያ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ከታጠፈ በኋላ እዚያ ቦይ ይወጣል፤ ስድሳኛው ሰው ሲደርስ ቦዩ ጠልቆ ጉድጓድ ይሆናል። አዘጋጆቹ ይህን ለመቀነስ በረዶው ውስጥ ውኃ እያስገቡ እንደ ድንጋይ ያጠነክሩታል፤ ያም ሆኖ ኋላ የሚነሣ ሰው የተበላሸ መንገድ መውረሱ አይቀርም። እና ማን ነው ፊት የሚነሣው? ቀድሞ ጥሩ ውጤት ያለው። በዓለም ዋንጫ በደረጃ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ምርጥ 15 ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በዕጣ ይከፋፈላሉ፤ ሌሎቹ በነጥባቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ነጥቡ በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የሚሰጥ ሲሆን ሥርዓቱ ከለመድነው የተገለበጠ ነው፤ ነጥቡ ያነሰ ሰው ይበልጣል፣ ዜሮ የሁሉም አናት ነው። ነጥብ ለመቀነስ ከጠንካሮች ጋር መወዳደርና ወደ እነሱ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ወደ እነሱ ለመቅረብ ደግሞ ያልተቆፈረ በረዶ ያስፈልጋል፤ ያልተቆፈረ በረዶ የሚገኘው ነጥቡ ለቀነሰ ሰው ነው። ክቡም እንዲህ ነው የሚዞረው።

ደንቡ ትንሽ ማካካሻ አስቀምጧል። ውድድሩ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ ለሁለተኛው ዙር ዘንጎቹ ተነቅለው በሌላ አቀማመጥ ይተከላሉ፤ የሁለቱ ዙር ሰዓት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። በሁለተኛው ዙር በመጀመሪያው 30ኛ የወጣው ሰው ቀድሞ ይነሣል፤ አንደኛው መጨረሻ ይሆናል። ለተመልካች ደስ የሚለው ይህ ነው፤ መሪው ከላይ ቆሞ ሌሎቹ ሲወርዱ ይሰማል፣ በረዶውም በየደቂቃው እየከፋበት ይሄዳል።

ከመነሻው በፊት ያለው ሰዓት ደግሞ የራሱ ትርኢት አለው። ተወዳዳሪዎች መስመሩን እንዲያዩ ይፈቀድላቸዋል፤ በዘንጎቹ መካከል መውረድ ግን ክልክል ነው። ከጎን በኩል ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ፣ ይቆማሉ፣ ወደ ላይ ዞረው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን እንደ ዓሣ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መስመሩን በቃላቸው ሲወጡት ይታያሉ። ለማያውቅ ሰው ጸሎት ላይ ያሉ ይመስላል።

ሁለተኛው ነጥብ የተወዳዳሪው ሕይወት ነው። በአልፕስ ተራሮች አካባቢ፣ በስካንዲኔቪያ ወይም በአሜሪካና በካናዳ ተራራማ ቦታዎች የሚያድግ ልጅ በሦስትና በአራት ዓመቱ ሸርተቴ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ የአካባቢ ክለብ ይገባል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ነጥብ በሚሰጡ ውድድሮች ላይ መሳተፍ የሚችለው 16 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው። በዚያ ዕድሜ የሚጀምር ሳይሆን አሥር ዓመት ሙሉ ቁልቁለት ላይ የኖረ ልጅ ነው ወደ ዝርዝሩ የሚገባው። የአሜሪካዊቷ ሚካኤላ ሺፍሪን ምሳሌ ይህን ያሳያል። በ2014 በሶቺ የስላሎም ወርቅ ስታገኝ 18 ዓመቷ ነበር፤ በስላሎም ታሪክ ትንሿ የኦሊምፒክ አሸናፊ ናት። በ2023 የስዊድናዊውን የኢንገማር ስቴንማርክን የ86 የዓለም ዋንጫ ድል ክብረ ወሰን አለፈች፤ በየካቲት 2025 ደግሞ 100ኛ ድሏን በጣሊያኗ ሴስትሪዬሬ በስላሎም አስመዘገበች።

ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በረዶ የለም። ስለዚህ ባለሙያ ተወዳዳሪ የበጋ ወራቱን በበረዶ ግግሮች ላይ ወይም ወቅቱ በሚገለበጥባቸው በቺሊ፣ በአርጀንቲናና በኒውዚላንድ ያሳልፋል። ወጪው እዚህ ላይ ነው። ሸርተቴው አንድ ብቻ አይደለም፤ ለልምምድ ሌላ፣ ለውድድር ሌላ ይያዛል፤ ጠርዙ በሞረድ ይሳላል፣ ሆዱ እንደ በረዶው ሙቀት በሰም ይቀባል። በትላልቆቹ ቡድኖች ይህን ብቻ የሚሠራ ባለሙያ አለ፤ ሌሊቱን ሲሞርድ ያድራል። ከሳልባጅ ቦንዳ ውስጥ የስኪ ጃኬት መውጣቱ ለመርካቶ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ጃኬቱ ግን ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ ትንሹ ነው። በዓለም ዋንጫ አሸናፊው 100 ነጥብ፣ ሁለተኛው 80፣ ሦስተኛው 60 እያለ 30ኛው አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ከ30ኛ በታች የቀረ ሰው ምንም። የሽልማት ገንዘቡና የኩባንያዎች ድጋፍ የሚከተለውም ይህንኑ መስመር ነው።

አካልም ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ስፖርት የጉልበት ጅማት መበጠስ የተለመደ ጉዳት ነው፤ ስድስትና ዘጠኝ ወር ከውድድር ማራቁ አይቀርም። ኦስትሪያዊው ማርሴል ሂርሸር ስምንት ዓመት በተከታታይ የዓለም ዋንጫን በአጠቃላይ ውጤት ካሸነፈ በኋላ በ2019 በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። በ2024 ለእናቱ አገር ለኔዘርላንድ ሊወዳደር ተመልሶ ነበር። በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው ሉካስ ብራተንም፣ በ2023 የስላሎም ዋንጫን የወሰደው፣ የእናቱን አገር የብራዚልን ማሊያ ለብሶ ተመለሰ። በረዶ በሌለበት አገር ስም መወዳደር ቀልድ እንዳልሆነ ከዚህ ወዲህ ብዙ ሰው ገብቶታል።

ሦስተኛው ነጥብ ከዚሁ ይቀጥላል፤ አፍሪካውያን በዚህ ቁልቁለት ላይ።

ፈር ቀዳጁ ሴኔጋላዊው ላሚን ጌይ ነው። ዳካር ተወልዶ በስዊዘርላንድ የተማረ ሲሆን በ1984 በሳራዬቮ በአልፓይን ስኪ ተወዳደረ፤ በክረምት ኦሊምፒክ ስኪ የተወዳደረ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ከዚያም የማጣሪያ መስፈርቶቹ ትናንሽ አገሮችን ያስወጣሉ በማለት ለዓመታት ተከራክሯል። ክርክሩ ከላይ ከተነሣው የመነሻ ቁጥር ጉዳይ የተለየ አይደለም፤ ኋላ የመጣን ሰው ኋላ የሚያስቀር ሥርዓት ነው ያለው።

ጋናዊው ክዋሜ ንክሩማ አቼምፖንግ ታሪኩ ሌላ ነው። በእንግሊዝ በሚልተን ኪንስ ከተማ በሚገኝ የቤት ውስጥ የበረዶ ማዕከል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሲሠራ ነበር ሸርተቴ የጀመረው፤ ያኔ ሙሉ ሰው ነበር። ለ2006 ኦሊምፒክ ሞክሮ አልደረሰም። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ግን በስላሎም ተሰለፈ። በዚያ ቀን ከተነሡት 102 ተወዳዳሪዎች ሁለቱን ዙር ጨርሰው የገቡት 48 ብቻ ነበሩ፤ እሱ 47ኛ ሆነ። አሸናፊው ጣሊያናዊው ጁሊያኖ ራትሶሊ ከሁለተኛው የበለጠው በ16 መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ ክዋሜ ከራትሶሊ ወደ 43 ሰከንድ ዘግይቷል። ይህን ልዩነት አይቶ የሚስቅ ሰው፣ በዚያው መስመር ላይ ከ50 የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች እንዳልጨረሱ ማስታወስ አለበት።

የኢትዮጵያ ስም በክረምት ኦሊምፒክ የተጠራው በአንድ ሰው ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኒውዮርክ ግዛት በሌክ ፕላሲድ አቅራቢያ በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ሌክ ፕላሲድ በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክን ያስተናገደች መንደር ናት፤ እዚያ የሚማር ልጅ ሸርተቴ ቢለምድ አይደንቅም። ሮቤል በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ የስኪ አስተማሪ ሆኖ ሠርቶ፣ በኋላም የኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም አድርጎ በ2006 ወደ ቱሪን አመራ። ሰንደቅ ዓላማውን ይዞ የገባው እሱ፣ ቡድኑም እሱ ብቻ ነበር። የተወዳደረው ግን በስላሎም አልነበረም፤ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ በ15 ኪሎ ሜትር ነበር። በፕራጀላቶ 83ኛ ሆነ። በ2010 በቫንኩቨር ጨዋታዎች ዊስለር ላይ በዚያው ርቀት 93ኛ ወጣ። የክዋሜ ስላሎምም የተካሄደው እዚያው ዊስለር ነው፤ ኢትዮጵያዊውና ጋናዊው በአንድ ሰሞን በአንድ አካባቢ ነበሩ ማለት ነው።

አገር አቋራጩ ከስላሎም የሚለየው ዋናው ነገር በኋላ ለሚመጣ ሰው በሩ ሰፋ ማለቱ ነው። ትንፋሽና ጽናት ያለው ሰው በጎማ እግር ሸርተቴ አስፋልት ላይ ሊለማመድ ይችላል፤ ሮቤልም አዲስ አበባ በነበረ ጊዜ እንዲህ ይለማመድ ነበር። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይትም ከሩጫ ነው የመጣው፤ በ1996 ፊንላንድ ሄዶ ሸርተቴ ተማረ፣ በ1998 ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር 92ኛና መጨረሻ ሆኖ ገባ። ከ20 ደቂቃ ገደማ በፊት ያሸነፈው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ መድረሻው ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። በስላሎም ግን ትንፋሽ ብቻውን አያሻግርም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም ለስኪ የሚበቃ በረዶ አይሰነብትበትም፤ የባሌው የሳነቴ አምባ የማለዳ ውርጭም ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። የተዳፋቱን ልምድ በሌላ ነገር መተካት አይቻልም፤ ልጁ በረዶ ባለበት ማደግ አለበት።

በረዶ ባለበት ያደገ የቅርብ ዘመድ ምሳሌ ኤርትራዊው ሻነን ኦግባናይ አበዳ ነው። ወላጆቹ ከኤርትራ ወደ ካናዳ የተሰደዱ ሲሆን እሱ በ1996 በአልበርታ ግዛት ፎርት መክመሪ ከተማ ተወለደ፤ ገና በሕፃንነቱ ቁልቁለት ላይ ወጣ። በ2018 በፒዮንግቻንግ የኤርትራ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆኖ በጃይንት ስላሎም 61ኛ ወጣ። በ2022 በቤጂንግ፣ በረዶው ያለማቋረጥ በወረደበት ቀን፣ ብዙዎች ሲወድቁ እሱ ሁለቱንም ዙር ጨርሶ 39ኛ ሆነ። በ2018 በኬንያ ስም በአልፓይን የተወዳደረችው ሳብሪና ሲማደርም በሕፃንነቷ ወደ ኦስትሪያ የሄደች ናት። ለ2018 ዝቅተኛውን የስላሎምና የጃይንት ስላሎም ማጣሪያ ለማለፍ የሚፈቀደው ከፍተኛ ነጥብ 140 ነበር፤ በ16 ዓመቱ ውድድር የጀመረ የክለብ ልጅ በጥቂት ዓመታት ይደርስበታል፤ በ25 ዓመቱ ለመጀመር ያሰበ ሰው ግን ይከብደዋል።

ታዲያ በዴንቨር፣ በካልጋሪ፣ በኦስሎ ወይም በስቶክሆልም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ክለብ የገባ ልጅ ለኢትዮጵያ መወዳደር ይችላል ወይ? ከዚህ አዳራሽ ብዙዎች ውጭ አገር ዘመድ ስላላቸው ጥያቄው የሩቅ አይደለም። የኦሊምፒክ ቻርተር ተወዳዳሪው የሚወክለው አገር ዜጋ እንዲሆን ያስገድዳል። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመሥራት ያስችላል እንጂ ዜጋ አያደርግም። ስለዚህ ውጭ የተወለደው ልጅ ነጥቡ ገና መቀነስ በሚጀምርበት፣ ከ18 እስከ 19 ባለው ዕድሜው፣ የካናዳ ወይም የኖርዌይ ፓስፖርቱን መልሶ የኢትዮጵያን መያዝ አለበት ማለት ነው፤ ሥልጠናውን፣ ትምህርቱንና ሕክምናውን የሚያገኘው ግን በዚያው በሚመልሰው ፓስፖርት ነው። ኤርትራ ከኤርትራዊ ወላጅ የተወለደን ሰው ባለበት ዜጋ አድርጋ ትቆጥራለች፤ አበዳም እንዲህ ያለ ምርጫ አልገጠመውም።